ሆድ ጠያቂዋ አዴ ጫልቱ

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት ስሄድ፣ በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ የካኪ ጨርቅ ጥቅል ተቀምጦ አገኘሁ። በርጩማዋ የአዴ ጫልቱ ናት። ከእሷ በቀር ማንም አይቀመጥባትም። ዝናብ ሲመጣ እንኳን መጀመሪያ በርጩማዋን ታስገባና ነው ራሷ የምትገባው። ጋሽ ሸምሱን ቀና ብዬ አየሁት። ምንም ሳልጠይቀው፣ «አገሯ አርጆ ገብታለች። ከእንግዲህ አትመጣም» አለኝና የጨርቅ መቀሱን አንስቶ፣ ምንም የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር፣ ይከፍተውና ይዘጋው ጀመር።

ስለ እሷ ልጽፍ ስል ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። ከመልኳ ልጀምር? ከድምጿ? አሁን ገባኝ። የሚጀመረው እሷ ከምትጀምርበት ነው፤ ከሆድ።

እኛ ከተማ ሰው ሲገናኝ «አካም ጅርታ?» ይባባላል፤ መልሱ «ፈያ» ነው። በአማርኛ ከሆነ ደግሞ «እንደምን ዋልሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን»። የፈለገው ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳን፣ መልሱ ያው ነው። አዴ ጫልቱ ግን የራሷ ሰላምታ ነበራት። ኦሮምኛ ለሚያውቅ «ገራን ኬ አካም?» ትላለች፤ ለእንደኛ ቤት ሰው ደግሞ «ሆድሽ እንዴት ነው?»። ሆድ ስትል እንጀራ የሚገባበትን ማለቷ አይደለም። ሆድ ባሰኝ የምንለውን፣ ናፍቆትና ቂም የሚያድርበትን ማለቷ ነው። ይህን ግን የማያውቅ ሰው በምን ያውቃል?

እማዬ አላወቀችም። ከደብረ ማርቆስ ተዘዋውረን ነቀምቴ የገባን ሰሞን ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። በር ላይ አንዲት ረጅም፣ ፍንጭት ሴት ተቀምጣለች። እማዬን ቀና ብላ አየቻትና፣ ከድሮም የምታውቃት ይመስል፣ «ሆድሽ እንዴት ነው?» አለቻት። እማዬ ክው አለች። ለካ ከመጣን ጀምሮ ውኃው አልስማማ ብሏት ሆዷን እየነፋት፣ ለአባቴ እንኳን ሳትናገር ቆይታለች። ይቺ ሴት ከየት አወቀችብኝ ብላ ተገርማ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ማታ ማታ እንደሚነፋት፣ ፌጦ ጠጥታም እንዳልተዋት፣ ጎመን ሲሆን ደግሞ እንደሚብስባት። አዴ ጫልቱ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ መዳፏን በራሷ ሆድ ላይ ጫን አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አልሳቀችባትም። ስትጨርስ እንዲህ አለቻት፦

«ከአገርሽ ርቀሽ ነው የነፋሽ። ሐሙስ ነይ።»

ያ መዳፍ ነገር የእሷ ምልክት ነበር። ሰው ሲያወራት መዳፏን ሆዷ ላይ ታኖራለች፤ ያንቺን ሕመም በራሷ ላይ የምትፈልገው ይመስላል። እማዬ ሐሙስ ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ የጨፈሩበት የሕንድ ፊልም አየንና እማዬ መንገዱን በሙሉ እየሳቀች ተመለሰች። ሆዷን ሌላ ጊዜ ነፍቷት እንደሆነ አላውቅም። ውኃው ግን ተስማማት።

ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ነቀምቴ ላይ የሸበተ ነጋዴ ነው። በፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣል፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና አግዳሚ ወንበሮች ያሉበት ክፍል አለው። እኛ ሰፈር ጨለለቂ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከተባለ እሱ ቤት ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወንዶቹ ካራቴ ያዩበታል። ሐሙስ ግን የሴቶች ነው። ይህንንም ያመጣችው እሷ ናት። በር ላይ ሆና መግቢያ የምትቀበል ሠራተኛው ነበረችና፣ አንድ ሐሙስ ተነሥታ «ዛሬ ወንድ አይገባም» አለች። ጋሽ ሸምሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ክፍሉ በሴት ሲሞላ ሳቁን ተወው።

ሁለቱ የማይስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ለሰው ፊልም እንዴት ይመረጣል የሚለው ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ዘዴውን ያመጣው ከጨርቅ ንግዱ ነው። በየካሴቱ ማቀፊያ ላይ የክር ቁራጭ ያስራል። ቀይ ክር ድብድብ ነው፤ ቢጫ ክር ፍቅርና ጭፈራ፤ አረንጓዴ ክር እናትና ልጅ የሚለያዩበት። ሁለትና ሦስት ክር አብሮ የታሰረባቸውም ነበሩ። ስትሄጂ «ያለፈውን ምን ወደድሽ?» ይልሻል። ስትነግሪው ጣቱ በክሮቹ ላይ ይሮጥና የዚያን እህት መዝዞ ያወጣልሻል። «ሁሉም ነገር መሰል አለው» ይላል ሁልጊዜ። «አምና ባለአበባ ጨርቅ የወሰደች ሴት ዘንድሮም ዓይኗ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። ታዲያ ምን አደክማታለሁ? አበባውን አወጣላታለሁ።» እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። እኔ አንድ ጊዜ ፈረስ የምትጋልብ ልጅ ያለችበትን ፊልም ወድጄ እንደነበር አስታውሶ፣ ጀልባ የምትቀዝፍ ልጅ ያለችበትን አውጥቶልኛል። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ በህልሜ አያታለሁ።

አዴ ጫልቱ ግን ክሮቹን ዞር ብላም አታያቸው።

«ይኼ ክርህ የሚያውቀው ትናንት የበላችውን ነው» ትለዋለች። «ዛሬ ምን እንደራባት በምን ያውቃል?»

«ትናንት የበላችው ካልጎዳት ዛሬም ትበላዋለቻ።»

«ሽሮ ትወዳለች ብለህ ሠርግ ላይም ሽሮ ታቀርብላታለህ?»

«እንግዲህ አንቺ ነገርን ሁሉ ሠርግ ቤት ካላስገባሽው አይሆንልሽም» ይልና ወደ ጨርቁ ይዞራል። ሁልጊዜም በዚሁ ያበቃል፤ ሁልጊዜም ሐሙስ የሚታየው እሷ ያለችው ነው።

እሷ ካሴቶቹን የምታውቃቸው በሆድ ነበር። የባሰው ሆድ አለ፤ የተላወሰ ሆድ አለ፤ ከእማዬ ወዲህ ደግሞ የነፋው ሆድ ተጨመረ። እንዴት ነሽ ሲሉሽ «ደህና» የሚለው አፍ እንደሆነና ሆድ የሚናገረው በእጅ እንደሆነ ትነግረኝ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ በሩን ሲያልፉ ፊታቸውን ሳይሆን ነጠላቸውን እንዴት እንደያዙ ታያለች። ጥብቅ አድርገው ከያዙ አንድ ነው፤ ከለቀቁት ሌላ ነው፤ ጫፉን የሚያፍተለትሉት ደግሞ ሌላ። ሁሉም ከገቡ በኋላ ትነሣና ካሴት ታነሣለች። ክፍሉ በአንድ ሐሙስ ያን ያህል ዓይነት ሆድ ይዞ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ ሆኖ፣ እንዴት ነው የምትመርጪው ብዬ ጠየቅኳት። «የባሰውን ሆድ ነው የማየው፣ ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «የጠገበ ሆድ ያገኘውን ይበላል።»

«ሆዱ የቆረጠስ ሰው? ተስፋ የቆረጠ?» አልኳት።

አሰበች። መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ለእሱ ገና አላገኘሁም» አለች።

አንድ ጊዜ አንቱ ብያት ተቆጥታኛለች። እናቴን የምታህል ሴት አንቺ ልል አፍሬ ነው እንጂ ጥፋት አልነበረም። እሷ ግን አንቱ ያልሽው ሰው ሆዱን አይነግርሽም፣ አንቱ ግንብ ነው ብላኝ እስከ መጨረሻው አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ። ዛሬም ስጽፍ እሷ የምላት ለዚህ ነው።

እስካሁን ግን ዋናውን አልነገርኩም። ሐሙስ ሐሙስ ፊልሙን የምትተረጉመው እሷ ነበረች።

ፊልሞቹ ከሞላ ጎደል የሕንድ ናቸው፤ ሕንድኛ የሚያውቅ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አዴ ጫልቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ እነሱ የሚሉትን ትነግረናለች። ሕንድኛ የት ተማርሽ ያላትን ሰው፣ «እነሱስ ኦሮምኛ የት ተማሩ? እኔ ስናገር ዝም ይሉ የለም እንዴ?» አለችው። አንድ ቀን ሒሳብ የሚያስተምሩን ሕንዳዊው መምህር ሚስታቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው ሰሟት። በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ልጅቷን እየተቆጣት ነው። አዴ ጫልቱ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ጥሎሽ ባይመጣም ጎረቤት አለን ይላታል» ብላ ትተረጉማለች። መምህሩ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሚስታቸውም እዚያው አግዳሚ ላይ እየሳቁ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ገና አልወጣም ማለታቸው ነው። በኋላ መምህሩ በዚያ ቁርጥርጥ አማርኛቸው፣ «ፊልም እንዲህ አይልም። ግን... ይኼ ይሻላል» አሉ።

ከጭንቅላቷ እንደምታመጣው የማያውቅ አልነበረም ማለት ነው። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። ክረምት ላይ አንድ ሐሙስ ፊልሙ መካከል መብራት ጠፋ። ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ «ታኣ፣ ተቀመጡ፣ እጨርሰዋለሁ» አለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሷ በጨለማው ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፤ ወንድሞቹን አስታረቀች፣ ልጅቷን ዳረች፣ ክፉውን አጎት ንስሐ አስገባች። ሁላችንም ደስ ብሎን ወጣን። በሳምንቱ መብራት ስለነበረ ያው ፊልም እስከ መጨረሻው ታየ፤ አጎትየው ንስሐ አልገባም፣ ልጅቷም አልተዳረችም። ሴቶቹ ጉድ አሉ። እማዬ ራሷ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄዳ ካሴቱ ተበላሽቷል፣ መጨረሻው ሌላ ሆኗል ብላ አመለከተች። ጋሽ ሸምሱ ካሴቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ግራና ቀኙን አገላበጠው። ወላሂ ይኼው ነው ብሎ ቢምልም ማንም አላመነውም። አዴ ጫልቱ ከበርጩማዋ ላይ ሆና፣ «ክርህ ላልቶ ይሆናል» አለችው።

የዚያን ጊዜዋን እማዬን ስጽፋት ትናፍቀኛለች። ደግነቱ ተመልሳ መጥታለች። የምነግራችሁም እንዴት እንደመጣች ነው።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። መኪናው ላይ ሲወጣ እማዬ አላለቀሰችም። ከዚያም በኋላ አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ሁሉ ጠንካራ ሴት ናት አላት። እኔ ግን ቤት ውስጥ ሌላ ነገር አየሁ። ስሙን መጥራት ተወች። ሳህኑን ከሌሎቹ ለይታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ምግብ ታቀርባለች እንጂ አትበላም፤ ትቆርስና ወደ እኔ ትገፋዋለች። ቀሚሷ ሰፋባት። አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው፤ ያን ጊዜ ኪራሙ በኩል ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ቀን ደፍሬ ደረጀ አሁን ምን እየሠራ ይሆን ብላት፣ «ሽንኩርቱን ላጪ» አለችኝ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየሄደችብኝ ነበር።

ሌላ የምሄድበት አላውቅም። ቪዲዮ ቤት ሄድኩና ለሁለቱም ነገርኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ወዲያው ጣቱን ወደ አረንጓዴዎቹ ሰደደ። እናትሽ አምና ልጇ በሕፃንነቱ የጠፋባት እናት በስተርጅና የምታገኘውን ፊልም ነው የወደደችው፣ ደጋግማ ነው ያየችው አለኝ። እውነቱን ነው፣ አራት የሐሙስ ጎረቤቶቿን ጎትታ አምጥታ አሳይታቸዋለች። የዚያ እህት አለችኝ አለና አንድ ካሴት አወጣ። አዲስ ናት። እናትና ወታደር ልጅ።

«ተው» አለችው አዴ ጫልቱ።

«የወደደችውን እኮ ነው የማውቀው።»

«ያንን የወደደችው ልጇ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ሳለ ነው፣ ሸምሱ። ያቺ ሴት ዛሬ የለችም።»

ጋሽ ሸምሱ ካሴቱን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ያቺ ሴት ዛሬ የለችም ስትል፣ እኔ ለመናገር የፈራሁትን ነው የተናገረችው።

እማዬን ሐሙስ ይዣት ሄድኩ። ጎትቼ ነው የምለው፤ ጫማዋን ያደረግኩላት እኔ ነኝ። በር ላይ አዴ ጫልቱ ሆድሽ እንዴት ነው አለቻት። እማዬም ሌላ ጊዜ የማትሰጣትን መልስ፣ ለማንም መንገደኛ የሚሰጠውን፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሚለውን ሰጠቻት። አዴ ጫልቱ እጇን አየች። እጇ ምንም አልያዘም፤ ነጠላው ብቻውን ነው የተንጠለጠለው። ያን ቀን የመረጠችላት የሚያስቅ ነበር፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከዱቄት ከረጢት ጋር የሚታገልበት። እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው! ሰውዬውን በገበያችን ካሉት ሁሉ ጋር አዳቀለችው፤ ሴቶቹ ወንበር ላይ ተንከባለሉ። እማዬ ፊልሙ ሳያልቅ ተነሣች። ስንወጣ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ሰው ሲስቅ ማየት ይደክማል።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ሸምሱ በሆድሽ ሞከርሽ፣ እንግዲህ በክሬ ልሞክር አላት። እሷ ትከራከራለች ብዬ ስጠብቅ አልተከራከረችም። ያን ቀን ሁሉ ነገሯ ልክ አልነበረም። በር ላይ ስንገባ ማንንም ሆድሽ እንዴት ነው ስትል አልሰማኋትም፤ መዳፏ ግን ሆዷ ላይ ነበር። የሚያወራት ሰው ሳይኖር። ይህን ያየሁት አሁን ስጽፈው ነው እንጂ ያን ጊዜ እማዬን ስጠብቅ ዓይኔ ሌላ አያይም ነበር።

ፊልሙ ጀመረ። አንዲት ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ሴት አንድ ልጅ አላት። ልጁ አድጎ ወታደር ይሆናል፤ በባቡር ይሄዳል፤ እናትየው ከባቡሩ ጋር ትሮጣለች። አዴ ጫልቱ እየተረጎመች ነው፤ ድምጿ ቀጭን ሆኗል። እማዬ አጠገቤ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። ከዚያ ልጁ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ቆስሎ ነው፤ በራቸው ደፍ ላይ ደርሶ እናቱ እቅፍ ውስጥ ወደቀ፤ ዓይኑ ተከደነ፤ እናትየው ራሷን ይዛ ጮኸች። መሞቱን ልጅ አዋቂው ሁሉ አየ።

አዴ ጫልቱ፣ «ደክሞታል» አለች። «መንገዱ ረጅም ነው። ተኝቷል። ጠዋት ይነሣል ትላለች እናቱ።»

ሴቶቹ ሁሉ ገብቷቸዋል፤ ለእማዬ ብላ ነው፤ እሺ ብለዋታል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ቃሬዛ አመጡ። አዴ ጫልቱ አሁንም፣ «ወደ አልጋው ይወስዱታል» አለች።

እማዬ ተነሥታ ቆመች።

«ጫልቱ፣ ዓይን አለኝ እኮ» አለች። ድምጿ እንኳን የእሷ አይመስልም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተከፈተ በር ይመስላል። «ልጁ ሞቷል። ሞተ በዪኝ።»

አዴ ጫልቱ መተርጎሟን አቆመች። ፊልሙ ብቻውን በሕንድኛ ይጮኻል። እሷ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ እማዬን ታያታለች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ እንደ ልማዷ፣ «ዱኤ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ በአማርኛ፣ «ሞተ።» ይህን ብላ ቆማ በነበረበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እማዬ ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ደረጀ መኪናው ላይ የወጣበት ቀን ልቅሶ፣ ሳህኑ ቁም ሣጥን የገባበት ቀን ልቅሶ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ክፍሉ በሙሉ አብሯት አለቀሰ፤ ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ መጋረጃውን ገልጦ ቆሞ ቀረ። እማዬ እያለቀሰች በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሄደች፤ መሬት ላይ አዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጠች። መዳፏን አነሣችና በአዴ ጫልቱ ሆድ ላይ አኖረችው። ከዚያ በዚያ ለገበያ እንኳን በማይበቃው ኦሮምኛዋ ጠየቀቻት።

«ገራን ኬ ሆ?»

ያንቺስ ሆድ ማለቷ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

አዴ ጫልቱ የመለሰችላት በአማርኛ ነው።

«ሆድ ይፍጀው» አለች።

ቤት ስንገባ እማዬ ፊቷን ታጠበች። ከምሳ የቀረውን ሽሮ አሙቃ አቀረበችና ቆረሰች፤ ወደ እኔ አልገፋችውም፣ ጎረሰችው። ትንሽ ቆይታ፣ «ደረጀ ወጡን ሁልጊዜ ከዳር ነበር የሚጀምረው፣ መሃሉን ለመጨረሻ አስቀምጦ» አለች። ስሙን ስትጠራ እጄ እንጀራው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እያወራችልኝ መሸ። አዴ ጫልቱ ልጅ ነበራት እንዴ ብዬ የጠየቅኳት ያን ጊዜ ነው። እማዬ፣ «ለእኔ ብላ የዋሸች መስሎሽ ነው? ለራሷ ነው መናገር ያቃታት» አለችኝ።

እውነት ነበር። የቀረውን በኋላ ከጋሽ ሸምሱ ሰማሁ። አርጆ እናቷ ዘንድ ያደገ አንድ ልጅ ነበራት፤ ከደረጀ በፊት በነበረው ዙር ሄዶ ነበር። መርዶው አርጆ ደርሶ፣ ለእሷም ተነግሯት፣ ቀብሩ የሌለ ልቅሶ ምን ይባላል ብላ ለማንም ሳትናገር በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ከርማለች። ያን ሐሙስ አፏ ሞተ ካለ በኋላ ግን ወደ እናቷ ሄዳ ልትቀመጥለት ፈለገች። ጋሽ ሸምሱ ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ጨርቅ ሰጥቷታል፤ ጥቁር።

ደረጀ እስካሁን አልመጣም። እማዬ ግን ስሙን በቀን ብዙ ጊዜ ትጠራለች፤ ሳህኑም ወደ መደርደሪያው ተመልሷል። ትበላለች። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ትነሣና ትሠራለች። ለቆረጠ ሆድ ምን እንደሚሆን አዴ ጫልቱ ገና አላገኘሁም ብላኝ ነበር። አግኝታው እንደሄደች ማን ይንገራት?

ሐሙስ አሁንም የሴቶች ነው። የሚተረጉም ግን የለም። ሕንዶቹ በሕንድኛ ያወራሉ፤ ሴቶቹ ከየወንበሩ «እንዲህ አለችው»፣ «የለም፣ እንዲህ ነው ያለችው» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ልጅቷ ካልተዳረች ወደ አርጆ የሚያዩ ይመስል ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

እኔም ከዚያ ወሬውን ከሰማሁበት ቀን በኋላ ሳልሄድ ሰንብቼ፣ ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ካኪው አሁንም በርጩማዋ ላይ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከጨርቁ መካከል ብቅ አለና አየኝ። እጁን አነሣ፤ የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ትንሽ ቆየና መዳፉን የኮቱ ቁልፍ ላይ፣ ሆዱ ላይ አኖረው።

«ገራን ኬ አካም?» አለኝ። ከእሱ አፍ ሲወጣ የጨርቅ ዋጋ የሚጠራ ይመስላል።

«ፈያ» አልኩት፤ በልማድ ነው።

እጄን አየው። የነጠላዬን ጫፍ እያፍተለተልኩ ነበር።

«እሺ» አለ፤ ወደሚያውቀው ጥያቄ ተመለሰ። «ያለፈውን ምን ወደድሽ?»

«አዴ ጫልቱን» አልኩት።

ዞረ። ጣቱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። በቀዮቹ ላይ አለፈ፣ በቢጫዎቹ ላይ አለፈ፣ አረንጓዴዎቹ ላይ ቀስ አለ፣ ሁለትና ሦስት ክር ያለባቸውን አንድ በአንድ ነካካ፣ እስከ ጥጉ ሄደ። ከጥጉ ተመለሰ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ለእሷ ክር የለኝም፣ የኔ ልጅ» አለኝ።

ጎንበስ አለና የካኪውን ጥቅል ከበርጩማዋ ላይ አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው።